የቆመ ይጻፋል

እህቴ ጥሩወርቅ በደለችኝ። ጊዜው የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ጅማ በታይፒስትነት የምሠራበት ዘመን ነው፤ ወሩ ጥቅምት። እናታችን ጎፋ፣ በገዛ ቤቷ ሞተች፤ ተቀበረች፤ አርባዋም ወጣ። እኔ አልሰማሁም። መደበቁ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ነፍሰ ጡር አትደንግጥ ብለው ነው ብዬ ባለፍኩት ነበር። ሰው እንዲህ ያደርጋል፤ ደግ የሚባል ሰውም ያደርገዋል። ነገር ግን በዚያው መካከል ከመሥሪያ ቤት ስልክ ደውዬ ነበር። «እማዬ እንዴት ናት?» ብዬ ጠየቅኋት። «ደህና ናት፤ ሰላም ብላሻለች» አለችኝ። ያንን ሰላምታ ተቀብዬ፣ ማታ ለባለቤቴ ነግሬ፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ከመቃብር ሰላምታ ያቀበለችኝን ሴት ከዚያ ወዲህ እትዬ ብዬ ጠርቻት አላውቅም። ሽማግሌ ልካለች፤ የንስሐ አባቴንም ልካለች። ምሳ አብልቼ መለስኳቸው።

ስለ እሷ ልጽፍ አልተነሳሁም። የማልረሳው ሰው ጋሽ ከድር ናቸው። የእሳቸው ነገር በእሷ ደጃፍ ስለሚያልፍ ግን፣ አንባቢ ማን ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይወቅ።

ጋሽ ከድር ባለፈው የካቲት ዐረፉ። ለቀብራቸው ደርሻለሁ። ማን እንዳደረሰኝ በቦታው እናገራለሁ።

ያገኘኋቸው መካኒሳ፣ ታክሲ ተራው ጀርባ ባለች ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ልጄ ሠርግ እቀርጽበታለሁ ብሎ ገዝቶ ሲሰለቸው ቁም ሳጥን ላይ ጥሎት የሄደውን ካሜራ አወረድኩ። ቤቴ ከፍታ ላይ ነው። ሲመሽ ከበረንዳዬ ቁልቁል አንድ በአንድ የሚበራውን መብራት ማንሳት አማረኝ። የወጣልኝ ሁሉ ግን የተደፋ ሽሮ ይመስል ነበር። ወስጄ ለፎቶ ቤቱ ሠራተኛ አሳየሁት።

«እማማ፣ ፍላሽ ያብሩበት» አለኝ ከስልኩ ላይ ቀና ሳይል።

እማማ መባል አልወድም። ካሜራውን ወደ ቦርሳዬ ልመልስ ስል፣ ጥግ ላይ ወንበር ይዘው የተቀመጡ ቀጭን ሽማግሌ ተናገሩ።

«ፍላሽ የበረንዳዎን ብረት ያበራልዎታል። ከብረቱ ወዲያ ያለውን ከተማ ግን ያጠፋዋል። ምን ላይ አስቀምጠው ነው ያነሱት?»

«በእጄ ይዤ።»

«ይተነፍሳሉ?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«የሚተነፍሱ ከሆነ በእጅ አይሆንም። መተንፈስዎን ያቁሙ ደግሞ አልልዎትም።»

አልሳቅሁም። በመጀመሪያ ቀን ለሚቀልድብኝ ሰው አልስቅም። እሳቸውም አልሳቁም። እንደ ሐኪም አተኩረው አይተውኝ፣ «ቤትዎ ሽንብራ አለ?» አሉኝ።

«አለ።»

«የጨርቅ ከረጢት ይስፉና ሽንብራ ሞልተው ቅዳሜ ሲመሻሽ የቀለበት መንገዱ ድልድይ ላይ ይምጡ። ካሜራው ከረጢቱ ላይ ተመቻችቶ ይተኛል። ጾም ሲገባ ብቻ እንዳይበሉት።»

ጋሽ ከድር የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ከእኔ ቀደም ብለው ጡረታ ወጥተዋል። ወላጆቻቸው ከስልጤ ናቸው። ወንድሞቻቸው መርካቶ ጨርቅ ሲነግዱ እሳቸው ጠመኔ መርጠው፣ «ነጭ ዱቄት የሚነግደው ወንድማችን» እየተባሉ ኖሩ። ማታ ማታ ፎቶ ማንሳት ለሚወዱ ሰዎች ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ያለምንም ክፍያ ያስተምራሉ። ቤታቸው ጎፋ ነው። ጎፋ የት እንደሆነ ስጠይቃቸው የነገሩኝ ከእናቴ ቤት ፊት ለፊት ያለውን ግቢ ነበር። የእናቴ ቤት ደግሞ አሁን ጥሩወርቅ የምትኖርበት ነው። የዚያን ዕለት ሽንብራዬን ወደ ድስት ልመልሰው ነበር። ግን ድልድዩ መካኒሳ ነው፣ ጎፋ መሄድ አይጠበቅብኝም ብዬ ቀጠልኩ።

ድልድዩ የእግረኛ ነው፤ ብረት። ሰው በተራመደበት ቁጥር ይንቀጠቀጣል። ሌሎቹ ተማሪዎች፣ አንድ የባንክ ሠራተኛና ሁለት ኮሌጅ ያሉ ልጆች፣ ድልድዩ ባዶ እስኪሆን መጠበቅ ይሰለቻቸዋል። ጋሽ ከድር መዳፋቸውን ብረቱ ላይ አሳርፈው ቆመው ይጠብቃሉ። ዘንቢል የያዘች ሴት ታልፋለች፤ ሦስት ጎረምሶች እየተሳሳቁ ያልፋሉ፤ እጃቸው ከብረቱ አይነሳም። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «አሁን» ይላሉ። እኔ ባዶ መሆኑን በዓይኔ እያየሁ እንኳ ቀድሜ ብጫን ፎቶዬ ይናወጣል። እሳቸው «አሁን» ሲሉ ከተጫንኩ አይናወጥም። ሰው ካለፈ በኋላ ብረቱ ውስጥ የሚቀረውን ንዝረት በመዳፋቸው ይሰሙት ነበር።

የካሜራው ዓይን ለረጅም ጊዜ ተከፍቶ እንዲቆይ፣ በገመድ የተያያዘ መጫኛ አለ። እስኪበቃ ድረስ ተጭነው ይይዙታል፤ ከዚያ ይለቃሉ። እስኪበቃ ማለት ምን ያህል ነው? የባንኩ ሰውዬ ስልኩን ሲያወጣ ጋሽ ከድር አስቆሙት። የስልክ ብርሃን ጨለማ የለመደውን ዓይን ያሳውራል፤ ሰዓት የሚያይ ሰው ደግሞ ሳያውቀው እጁን ያንቀሳቅሳል።

«ሁላችሁም ልጅ ሆናችሁ የተማራችሁት፣ ተኝታችሁ እንኳ የማይጠፋችሁ ነገር አለ» አሉ። «በእሱ ቁጠሩ።»

«እርስዎ በምን ይቆጥራሉ?» አልኳቸው።

«በፋቲሃ።»

«ጸሎት ለፎቶ?»

«እናትዎ እንቁላል ሲቀቅሉ በምን ይቆጥሩ ነበር?»

እናቴ በአቡነ ዘበሰማያት ነበር የምትቆጥረው። ለስላሳ ሲሆን አንዴ፣ ጠንከር ሲል ደጋግማ። ይህን ማንም አልነገራቸውም። እኔም በእሱ መቁጠር ጀመርኩ። የባንኩ ሰውዬ ሀ ሁ ሂ ይላል። ከኮሌጅ ልጆቹ አንዱ የሚደግፈውን ክለብ ተጫዋቾች ከበረኛው ጀምሮ ይጠራል፤ ተጫዋች የተሸጠ ዕለት ፎቶው ይበላሽበታል።

የመጀመሪያዋን ደህና ፎቶዬን በካሜራው ጀርባ አየኋት። መንገዱ ላይ መኪና የለም። የነጭና የቀይ ብርሃን ወንዝ ብቻ ከሳር ቤት በኩል ወርዶ በድልድዩ ሥር ያልፋል። ታክሲ ለመያዝ ሲጋፋ የነበረው ያ ሁሉ ሕዝብ የለም። ሲጮህ የነበረው ረዳት የለም። አስፋልቱ ዳር ግን አንድ ሰው ጥርት ብሎ ቆሟል። ኮፍያው፣ የኮቱ ቁልፍ ሳይቀር ይታያል። ጋሽ ከድር ነበሩ። እኛ ድልድዩ ላይ ሳለን ወርደው ቆመው ኖሯል።

«ሌላው ሰው የት ሄደ?» አልኳቸው ሲመለሱ።

«ሄደ። ካሜራው ለሚሄድ ሰው ጊዜ የለውም። የሄደ ይጠፋል፤ የቆመ ይጻፋል።»

ያን ያህል ሳይነቃነቅ የሚቆም ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ዓይናቸው እንኳ የሚርገበገብ አይመስልም። እንዴት እንደቻሉ ስጠይቃቸው፣ «ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ ጠመኔ የሚወረውሩ ልጆችን ነው ያስተማርኩት። ከዞርክ አለቀልህ» አሉኝ።

አንድ ቅዳሜ በአቅራቢያው ያለ ሕንፃ ዘበኛ ዱላውን ይዞ ድልድዩ ላይ ወጣ።

«ማን ፈቅዶላችሁ ነው የምታነሱት?»

የኮሌጅ ልጆቹ ዕቃቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እኔ ልመልስለት አፌን ስከፍት ጋሽ ከድር ቀደሙኝ። «ደህና አመሸህ ወንድሜ። የሚቆምልን ሰው ቸግሮን ነበር። እዚያች ጋ፣ ዱላህን እንደያዝክ።» ዘበኛው ግራ ተጋብቶ ሄዶ ቆመ። ፎቶው ሲወጣ ዱላው አለ፣ ካፖርቱ አለ፣ ጫማው አለ፤ ከአንገት በላይ ጭስ ነው።

«ፊቴስ?» አለ።

«ፊትህ አልቆመም።»

«ሳቄ መጥቶብኝ እኮ ነው።»

«እሱን ነው የምልህ።»

ዘበኛው ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቱን ለማስነሳት ይመጣ ነበር። የሚከለክለንን ሌላ ሰው የሚያባርርልንም እሱ ሆነ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመብራት መጥፋት ነው። ሰፈሩ በሙሉ መብራት ሲጠፋ ይራገማል፤ ጋሽ ከድር ስልክ ይደውላሉ። «ወይዘሮ አስካለ፣ እንኳን ደስ አለዎት። ጠፋ» ይሉኛል። የሚመኙት አንድ ነገር ነበር፤ የኮከቦችን መንገድ ማንሳት። ሲያስተምሩ ምድር እንደምትዞር ለተማሪ የሚያሳዩበት ነገር አጥተው፣ ሉሏን በጣታቸው እያሽከረከሩ ነው የኖሩት። አንድ የውጭ መጽሐፍ ላይ፣ የካሜራውን ዓይን ረጅም ጊዜ ሲከፍቱት ኮከቦች በሰማይ ላይ ክብ ክብ ሠርተው እንደሚታዩ አዩ። ለዓመታት መብራት በጠፋ ቁጥር ወጥተው ወደ ምሥራቅ አዙረው ያነሳሉ። ክቡ አይወጣም። ያነሱትን ሁሉ ተበላሸ እያሉ ጣሉት።

ይህንን የነገሩን ላፍቶ ከፍታው ላይ፣ ገና በጊዜ መብራት በጠፋበት አንድ ምሽት ነው። ካሜራዎቻችንን ከረጢታችን ላይ አጋድመን ወደ ምሥራቅ ሰማይ አዙረናል። ጸሎቴን ስንቴ እንደደገምኩት አላውቅም። ከታች ጄኔሬተር ያንኳኳል። ስንለቀው ካሜራው ራሱ ለማሰላሰል ጊዜ ወሰደ። ከዚያ ታየ። ክብ የለም። ከቤቶቹ ጣሪያ ላይ ቀጥ ብለው ወደ ላይ የሚወጡ ቀጫጭን የብርሃን ክሮች፤ ወደ ሰማይ የሚዘንብ ዝናብ ማለት ነው።

«መጽሐፉን የጻፉት ሰሜን አገር ሆነው ነው» አሉ ጋሽ ከድር። ድምፃቸው ከወትሮው ዝቅ ብሏል። «እዚያ ኮከብ ዙሪያውን ይዞራል። እኛ የምድር ወገብ አጠገብ ነን። በምሥራቅ የሚወጣው ሁሉ ቀጥ ብሎ ነው የሚወጣው። የምጥለው ፎቶ ሁሉ ትክክል ነበር። የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ!»

ከዚያ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሰማዩን ቀና ብዬ አየሁት። ስድሳ ዓመት ተሻግሬ፣ በዚሁ አገር ኖሬ፣ የራሴ ሰማይ እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር። ሰው ያን ያህል ዘመን የተሳሳተ መስሎት ሲኖር ትክክል ሆኖ ሲገኝ መናደድ አለበት ብዬ አስብ ነበር። እኔ ብሆን እናደድ ነበር። እሳቸው ፎቶዋን ለአንዳችን ካሳዩ በኋላ ለሌላችን፣ እንደገናም ለዘበኛው ስልክ ደውለው ይነግሩ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ክፍል ለመጻፍ ደስ አይለኝም።

አንድ ቅዳሜ የሁላችንንም ፎቶ ሲያነጻጽሩ ቆዩና እኔን ለብቻዬ ወደ ድልድዩ ጫፍ ወሰዱኝ።

«የእርስዎ ፎቶ ይጨልማል» አሉኝ።

«ካሜራው አርጅቷል።»

«አይደለም። የባንኩ ልጅ አንዴ ይጨልምበታል፣ አንዴ ይበራበታል፤ ሲቸኩልና ሲዘገይ ነው። የእርስዎ ሁልጊዜ በእኩል ነው የሚጨልመው። ቢቸኩሉ ኖሮ ይለያይ ነበር። ጎድሎ የሚቀር ነገር አለ።»

ካሜራዬን ወደ ቦርሳዬ ከተትኩ።

«ሌንሱን ትንሽ ይክፈቱት ብዬ ዝም ማለት እችል ነበር፤ ይስተካከላል። ግን ጸሎቱን እኔም አውቀዋለሁ። በጎረቤቶቼ ለቅሶ ላይ ስሰማው ነው የኖርኩት። ከንፈርዎን አይቻለሁ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ይዘላሉ።»

የምዘለው ቦታ ስለ በደል የሚናገረው ነው። የሚያውቀው ያውቀዋል። ከዚያች ጥቅምት ወዲህ በአፌ አልፎ አያውቅም። ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ሲደግም እንኳ እዚያች ላይ አፌን እዘጋለሁ፤ ለእግዚአብሔር ውሸት ከመናገር ዝም ማለት ይሻላል ብዬ። ባሌ አብሮኝ ኖሮ፣ አብሮኝ ጸልዮ፣ ሳያውቅ ሞቷል። የንስሐ አባቴ አያውቁም። የስልጤው መምህር ከፎቶ ላይ አነበቡት።

«በሰው ጸሎት አይግቡ» አልኳቸው።

«ልክ ነዎት። አጠፋሁ» አሉ። ሽንብራዬን ይዤ ሄድኩ።

ብዙ ቅዳሜዎች ቀረሁ። አልደወሉልኝም። ሰው ሲያኮርፍ ሽማግሌ መላክ ልማድ ነው፤ እሳቸው አልላኩም። አንድ ምሽት ግን መብራት ጠፋና ስልኬ ጮኸ።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ጠፋ» አሉ። ከዚያ፣ «ሌላም ነገር አለ። የእናትዎ ቤት ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። መንገዱ ሊሰፋ ነው» አሉኝ።

የእናቴ ቤት መሆኑን ነግሬአቸው አላውቅም። ፊት ለፊታቸው የምትኖረው ጥሩወርቅ እንደነገረቻቸው መገመት አያስቸግርም።

የዚያ ቤት ፎቶ የለኝም። አንድም። እናቴ ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር። ቤቱን ደግሞ፣ ሁልጊዜ ያለ ነገር ስለሚመስል ማንም አላነሳውም። ዘግይቼ ለለቅሶ ከመጣሁበት ቀን ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም። አሁን ሊፈርስ ነው። እንዲቀርልኝ የፈለግሁት አንድ ፎቶ ነው፤ ሲመሽ፣ የመኝታ ቤቷ መስኮት በርቶ። ጅማ ከመሄዴ በፊት ከሥራ ስመለስ ከመንገዱ ጫፍ የማየው መስኮት እሱ ነበር። ያንን ደግሞ ጥሩወርቅን ሳልጠይቅ፣ ከእሷ ጋር ቃል ሳልለዋወጥ ነው የምፈልገው።

«ከእኔ አጥር ላይ ይታያል» አሉ ጋሽ ከድር። «ማንኳኳት አያስፈልግዎትም።»

በማግስቱ ወደ ማታ፣ መብራት ተመልሶ፣ በብስራተ ገብርኤል በኩል ታክሲ ይዤ፣ ሰው እንዳያየኝ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ስቤ ጎፋ ገባሁ። ከረጢቴን አጥሩ ላይ አኖርኩ። ሰማዩ ጨርሶ ሳይጨልም፣ የመስኮቱ ብርሃንና የሰማዩ ብርሃን የሚተካከሉባት አጭር ጊዜ አለች፤ ጋሽ ከድር አስተምረውናል። ካለፈች አለፈች ነው። መስኮቱ ይበራ ይሆን እያልኩ ስጠብቅ በራ። ጋሽ ከድር አጠገቤ መዳፋቸውን አጥሩ ላይ አሳርፈዋል።

«አሁን» አሉ።

ተጫንኩ። ጸሎቴን ጀመርኩ። ገና መሃል ሳልደርስ የግቢው በር ተከፈተና ጥሩወርቅ ባልዲ ይዛ ወጣች። ውኃውን ልትደፋ ነው። ቀና ስትል አየችኝ።

ሰው በማይፈልገው ጊዜ የማይፈልገው ሰው ሲመጣበት የሚያደርገውን ላደርግ ነበር፤ እጄን ልለቅ። ብለቅ ብርሃኑ ያልፋል። ነገ መስኮቱ ይበራ አይበራ፣ ቤቱ ይቆም አይቆም አይታወቅም።

«ይቀጥሉ» አሉኝ ጋሽ ከድር በሹክሹክታ።

ቀጠልኩ። ጥሩወርቅ ባልዲዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች። አልተጣራችም፤ አልተመለሰችም። የምዘላት ቦታ ላይ ደረስኩ። እሷ ፊት ለፊቴ ቆማ ልላት አልቻልኩም። እሷ ፊት ለፊቴ ቆማ ልዘላትም አልቻልኩም። ዝም አልኩ። ጣቴ እንደተጫነ ነው። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። መኪና አለፈ፤ ሰው አለፈ። ከዚያ ከቀረው ጀምሬ ጨረስኩና ለቀቅሁት።

ጥሩወርቅ ውኃውን ደፋችና ገባች።

ፎቶው በራ። ካነሳኋቸው ሁሉ የበራው እሱ ነው። ቀዩ ቀለም አለ፣ ቆርቆሮው አለ፣ መስኮቱ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኖ አለ። በሩ ላይ ደግሞ እህቴ ጥርት ብላ ቆማለች። የባልዲው እጀታ ሳይቀር፣ ያረጀ ፊቷ ሳይቀር። እንደ ጋሽ ከድር ነው የቆመችው።

«ተበላሸ» አልኩ። «እሷ ገባችበት።»

«አልገባችበትም» አሉ። «የገባ ሰው አይታይም። ቆማበት ነው።»

«ሊጠፋ አይችልም?»

«በኮምፒውተር ይቻላል። እኔ ግን አላስተምርዎትም።»

ያቺን የጸሎቱን ቦታ ብያት ይሁን ዘልያት አልጠየቁኝም። ሻይ አፍልተው እስክጠጣ ጠበቁኝና ታክሲ ድረስ ሸኙኝ። በሕይወት ያየኋቸው ለመጨረሻ ጊዜ የዚያን ዕለት ነው።

የካቲት ላይ፣ ወፍ ጭጭ ሳይል፣ የግቢዬ በር ተንኳኳ። በዚያ ሰዓት የሚንኳኳ በር መርዶ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ከፈትኩ። ጥሩወርቅ ነበረች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ከጎፋ መካኒሳ ታክሲ ሳይጀምር፣ ጉልበቷን እያመማት፣ በእግሯ ነው የመጣችው።

«ጋሽ ከድር ሌሊት ዐረፉ» አለችኝ። «የእነሱ ቀብር አይቆይም፤ ጠዋት ነው። ቶሎ ልበሺ።»

«ማን ላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም። እንዳትቀሪ ብዬ ነው።»

ቆመን ተያየን። እንደምትገባ እግሯን አላነሳችም፤ እኔም ግቢ አላልኳትም። ልብሴን ለብሼ ወጣሁ።

በመንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት። ብስራተ ገብርኤልን አልፈን፣ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው።

«ያን ዕለት ለምን ቆምሽ?»

«የቱን ዕለት?»

«ባልዲውን ይዘሽ።»

«እህ» አለች። «ጋሽ ከድር ሲያነሱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይቆማል እኮ። ለምደናል። እንዳይበላሽብሽ ብዬ ነው።»

ደረስን። በእነሱ ሥርዓት ሴቶች ወደ መቃብር አይሄዱምና ከአጥሩ ሥር፣ ከረጢቴን ካኖርኩበት ቦታ ቆምን። ቃሬዛው ወጣ። ወንዶቹ በፍጥነት ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ከሌላው ትከሻ እየተቀበለ፣ መንገዱን ሞልተው። ዘበኛው አለ፤ የባንኩ ሰውዬ አለ። ወንድሞቻቸው ፊት ፊት ነበሩ። ታጠፉና ጠፉ። ያ ሳይነቃነቅ የሚቆም ሰው ሲሄድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ወደ ድንኳኑ ሲመለሱ ጥሩወርቅ ከጎኔ አልተንቀሳቀሰችም። እኔም አልተንቀሳቀስኩም።

ቤቱ ሚያዝያ ላይ ፈረሰ። ጥሩወርቅ ጀሞ፣ የልጇ ኮንዶሚኒየም ገባች።

ፎቶውን መካኒሳ ያለችው ፎቶ ቤት በትልቁ አሳተምኩት። እማማ የሚለኝ ሠራተኛ፣ «በሩ ላይ ያሉትን ሴትዮ ላጥፋልዎት? ቤቱ ብቻውን ያምራል» አለኝ። ተወው አልኩት። ፍሬም አስገባሁትና ጀሞ ሄድኩ። ሊፍት የለውም፤ አራተኛ ፎቅ ነው። ከፈተችልኝ። ፎቶውን ሰጠኋት። ቆማ አየችው። ይቅርታ አልጠየቀችኝም፤ እኔም ይቅር ብዬሻለሁ አላልኳትም። ግቢ አለችኝ፤ ገባሁ፤ ምሳ በላሁ፤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ድልድዩ ላይ እወጣለሁ። በጸሎቴ እዚያች ቦታ ስደርስ አልዘላትም። ዝም እላለሁ፤ ከዚያ እቀጥላለሁ።